ሄዶ መመለስ፦ አንድ የጋዜጠኝነት ተማሪ ከጭሮ ወጥቶ ስለ ጭሮ የተማረው



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት የጋዜጠኝነት ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ በልውውጥ ፕሮግራም አንድ ሴሚስተር በውጭ አገር ስላሳለፍሁት ቆይታ ነው። እንዲህ ያለ ንግግር ብዙውን ጊዜ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛው ተናጋሪው ያየውን የበረዶና የባቡር ወሬ ሲያወራ ሰዓቱ ማለቁ ነው። ሁለተኛው «እዚያ ሁሉ ነገር አለ፣ እዚህ ምንም የለም» የሚል የምሬት ስብከት ነው። ሁለቱም ለተማሪ አይጠቅሙም። ስለዚህ በዚህ ንግግር ሦስት ነገሮችን ብቻ ለማስረዳት እሞክራለሁ፤ የልውውጥ ትምህርት በባሕርዩ ምን እንደ ሆነ፣ ለጋዜጠኛ ምን እንደሚያስተምር፣ እና ያ ትምህርት ወደ ጭሮ፣ ወደ ሂርና፣ ወደ በዴሳና ወደ ገለምሶ ሲመለስ ምን እንደሚገጥመው።

የልውውጥ ትምህርት ምንድን ነው?

ለትምህርት ወደ ውጭ መሄድ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ሙሉ ዲግሪውን በሌላ አገር ሊማር ይችላል፤ ይህ ስደት ባይባልም ከስደት ጋር ጎረቤት ነው፤ መመለሱ በተማሪው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። የልውውጥ ትምህርት ግን ሌላ ነገር ነው። ተማሪው የላኪው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንደ ሆነ ይቆያል፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴሚስተር ብቻ በተቀባዩ ተቋም ገብቶ ይማራል፤ ያገኘው ውጤት ተመልሶ በራሱ ትራንስክሪፕት ላይ ይመዘገባል። ከመሄዱ በፊት ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ የሚፈርሙበት የትምህርት ስምምነት አለ፤ እዚያ የሚወሰደው ኮርስ እዚህ ከየትኛው ኮርስ ጋር እንደሚተካከል አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይሰፍራል።

መለኪያውም የታወቀ ነው። በአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር አንድ ሙሉ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ የተማሪ ሥራ ይወክላል። ኢራስመስ የተባለው የአውሮፓ የልውውጥ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመር በአውሮፓ አገሮች መካከል ብቻ ነበር፤ ከ2015 ወዲህ ግን ከአህጉሩ ውጭ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎችም በሩ ተከፍቷል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና ውጭ በሚመጡ ተማሪዎች ላይ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ የትምህርት ክፍያ ስትጥል፣ በልውውጥ ስምምነት የሚመጡትን ነጻ አድርጋለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልውውጥ የሚባለው አንዱ የሌላውን ልጅ በአደራ ሲቀበል ነው፤ አደራ ደግሞ ይመለሳል።

ስለዚህ መመለስ ከልውውጥ ትምህርት በኋላ የሚመጣ ነገር ሳይሆን የውሉ አንድ አንቀጽ ነው። ይህን አስምራችሁ ያዙልኝ፤ የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነው።

ሄደው የተመለሱ ሰዎች የቀረጿት ከተማ

በዚህች ከተማ ይህን ማስረዳት ከሌላ ቦታ ይልቅ ይቀላል። ዛሬ ጭሮ የምንላት፣ አባቶቻችን አሰበ ተፈሪ ሲሏት የኖሩት ከተማ፣ በታሪኳ መጀመሪያ ላይ ሄደው የተመለሱ ሁለት ሰዎች አሏት።

የመጀመሪያው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ከዓድዋ ጦርነት ማግሥት ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው ተመለሱ። «ፋቡላ» በተባለው ሥራቸው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የቴአትር ጸሐፊ ተብለው ይታወቃሉ፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ጣሊያን በተነሣብን ጊዜም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው የተከራከሩ ሰው ናቸው። እኒህ ሰው የጨርጨር ገዥ ነበሩ፤ የአሰበ ተፈሪም ስም ከእሳቸው አስተዳደር ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ሁለተኛው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ገና ሕፃን ነበሩ፤ የእንግሊዝ መኮንኖች ወስደው በሕንድ አሳደጓቸው፤ በዚያና በስኮትላንድ ሕክምና ተማሩ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመጡ ቋንቋውን አያውቁትም ነበር፤ ዘመዶቻቸው ያወቋቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረ ጠባሳ እንደ ሆነ ይነገራል። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጨርጨርን ከአሰበ ተፈሪ ሆነው አስተዳደሩ፤ ጠቅላይ ግዛቱም ለሌሎች አርአያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ጣሊያን ሲወርረን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለንደን ላይ ነበሩ።

ሁለቱን ሰዎች የማነሣው ለማወደስ አይደለም። ገዥዎች ነበሩ፤ የገዥ ሥራ ደግሞ ከተገዥው ወገን ሲታይ ሌላ መልክ አለው፤ ያን የታሪክ መምህራን ያስረዷችኋል። የማነሣቸው ለአንድ ነገር ነው። ከመካከላቸው አንዱ ቋንቋውን እንኳ አጥቶ ተመለሰ። ሄዶ መመለስ ዕቃ ወስዶ ዕቃ እንደ ማምጣት አይደለም። የሚመለሰው ሰው ራሱ ተለውጧል፤ የሚመለስበትም አገር ሊያውቀው ጠባሳ ይፈልጋል።

በእኛ ሙያ ደግሞ በዓሉ ግርማን እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ አዲስ ሪፖርተርን፣ አዲስ ዘመንንና ኢትዮጵያን ሄራልድን በአዘጋጅነት መራ፤ «ኦሮማይ»ን ጽፎ በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። የውጭ ትምህርት ለጋዜጠኛ ዓይን ይሰጠዋል፤ ጋሻ ግን አይሰጠውም።

ከውጭ የሚያየን ዓይን

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የተወለድሁት በበዴሳ አካባቢ ቡናና ጫት ከሚያለሙ ቤተሰቦች ነው። ሁለተኛ ደረጃን በዚችው ከተማ ተምሬያለሁ። በቤት አፋን ኦሮሞ፣ በትምህርት ቤትና በገበያ አማርኛንም እየተናገርሁ ነው ያደግሁት። በዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ የልውውጥ ዕድል አግኝቼ በጥር ወር በደቡብ ኖርዌይ ወዳለችው የክርስቲያንሳንድ ከተማ ሄድሁ። ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ገደማ ላይ ትጠልቅ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ስለ ዓለም አቀፍ ዜና በሚሰጠው ኮርስ አንድ ፊልም ታየ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ የተላለፈው፣ ማይክል ቡርክ የዘገበውና ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን የቀረጸው የኮረም ረሃብ ዘገባ ነበር። ዘገባው ዓለምን ቀስቅሶ ብዙ እርዳታ እንዳመጣ የታወቀ ነው፤ ያተረፈው ነፍስ አለና ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን መብራቱ ሲበራ በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ወደ እኔ ዞረው ተመለከቱ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምስል የሆንሁት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ቤት ሥራ ተሰጠን፤ እያንዳንዱ ስለ አገሩ አንድ ዜና እንዲጽፍ። እኔም በ2008 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ምክንያት ስለ ደረሰውና ምዕራብ ሐረርጌንም ስለ ጎዳው ድርቅ ጻፍሁ። እንግሊዝኛው የተስተካከለ ነበር፤ የእርዳታ ድርጅቶችን መግለጫ በደንብ አንብቤአለሁ። መምህሩ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ጠርዙ ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፈው ነበር፦ «በዚህ ዜና ውስጥ የስንት የአካባቢው ሰው ስም አለ?»

ቆጠርሁ። የድርጅት ስም ሦስት፤ የሰው ስም ዜሮ። እኔ የበዴሳ ልጅ ስለ በዴሳ ስጽፍ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው በሚጽፍበት ቃልና አቀማመጥ ጽፌ ነበር። «ሰለባዎች»፣ «ተረጂዎች»፣ «ተፈናቃዮች» ብያለሁ። ከመካከላቸው አባቴ እንዳለ ረስቼ ነበር።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ስልክ ደወልሁለትና የጻፍሁትን ወደ አፋን ኦሮሞ እየመለስሁ አነበብሁለት። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ የጻፍኸው ዝናብ መቅረቱን ነው። ዝናቡ ሲቀር እኛ ምን እንዳደረግን ግን አልጻፍህም።» ቀጥሎም ማን በሬውን በየትኛው የገበያ ቀን እንደ ሸጠ፣ ማን ለማን ዘር እንዳበደረ፣ የትኛው ቤት ልጁን ወደ ከተማ ለጉልበት ሥራ እንደ ላከ፣ ጫቱን ከመንቀል ይልቅ ውኃ በአህያ እያመላለሰ ያዳነው ጎረቤት ማን እንደ ሆነ በስም እየጠራ ነገረኝ። አባቴ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ነገር ግን ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምንና እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች በአንድ የስልክ ጥሪ ሁሉንም መለሰልኝ።

ከውጭ የሚያየን ዓይን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ጦርነቱ ሲቃረብ ከዓለም ዙሪያ የመጡ የጦር ዘጋቢዎች ከጅቡቲ በባቡር ተሳፍረው በአፍደምና በሚኤሶ በኩል ወደ አዲስ አበባ ወጥተዋል። የዴይሊ ሜይሉ ኢቭሊን ዎ ከእነሱ አንዱ ነበር፤ በሦስት ዓመት ውስጥም «ስኩፕ» በሚለው ልቦለዱ በገዛ ሙያው ባልደረቦች ላይ ተሳለቀ። እነዚያ ሰዎች የሚኤሶን ጣቢያ በመስኮት አዩት። የእኛ ሥራ በመስኮት ካየው ሰው የተለየ ካልሆነ፣ እዚህ መወለዳችን ለአንባቢ ምንም አይጨምርለትም።

በትንሽ ጋዜጣ ውስጥ የተማርሁት

በክርስቲያንሳንድ ትልቁ ጋዜጣ ከ1875 ጀምሮ የሚታተመው ፌድረላንስቬነን ነው፤ ትርጓሜው «የአገር ወዳጅ» ማለት ነው። እኔን ያስተማረኝ ግን የአገሪቱ የትናንሽ ጋዜጦች ልማድ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ጥቂት ሺህ ሕዝብ ያለው ወረዳ የራሱ ጋዜጣ ሊኖረው ይችላል። መንግሥት ከ1969 ጀምሮ ጋዜጦችን በገንዘብ ይደግፋል፤ ድጎማው የሚከፈለው በታወቀ ቀመር ስለ ሆነ የጋዜጣው አቋም ማንን ደስ እንዳሰኘ አይጠየቅም።

ለተግባር ልምምድ ከከተማው በስተሰሜን ባለው የሴተስዳል ሸለቆ ወደ አንድ ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ተላክሁ። አጀንዳው አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ይዘጋ ወይስ አይዘጋ የሚል ነበር። ከስብሰባው በፊት ሰነዱን ለማግኘት ደብዳቤ አዘጋጅቼ፣ ማኅተም የት እንደሚደረግ እያሰብሁ ሳለ፣ አብሮኝ የነበረው ተማሪ ሳቀና ኮምፒዩተሩን ከፈተ። የበጀቱ ሠንጠረዥ፣ የወላጆች ደብዳቤ፣ የባለሙያው አስተያየት ሁሉም እዚያ ተቀምጧል። አገሪቱ የመረጃ ነጻነት ሕግ ካወጣች ከ1970 ወዲህ ትውልድ አልፏል፤ ሕጉ ከጽሑፍነት አልፎ ልማድ ሆኗል።

ሁለተኛው ትምህርት የሥነ ምግባር ነው። የኖርዌይ ጋዜጠኞች እ.ኤ.አ. በ1936 ያጸደቁት፣ እየተሻሻለ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ደንብ አላቸው። ከአንቀጾቹ አንዱ ብርቱ ወቀሳ የሚቀርብበት ሰው በዚያው ዜና ውስጥ፣ በዚያው ጊዜ መልስ የመስጠት መብት አለው ይላል። በማግሥቱ ማስተባበያ ማተም ይህን መብት አይተካም። በእኛም አገር ይህን መርሕ የማያውቅ የጋዜጠኝነት ተማሪ የለም። ልዩነቱ እዚያ ያለው አዘጋጅ «ሰውየው ምን አለ?» ሳይል ዜናውን አለማሳተሙ ነው። ልማድ ማለት ይኸው ነው።

ነገር ግን ሁሉንም እንደ ገነት አድርጌ ብነግራችሁ ውሸት ይሆንብኛል። ሀብታም አገር ነው፤ ድጎማው ከሀብት የመጣ ነው፤ ያን ገንዘብ ልውውጥ ተማሪ በሻንጣ ይዞ አይመለስም። በስብሰባው ላይ ያየሁት ሌላም ነገር አለ። ሰነዱ ሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ከወላጆች መካከል ያነበበው ጥቂት ነበር፤ ትምህርት ቤቱም እንዲዘጋ ተወሰነ። መረጃ መገኘቱ ብቻውን ፍትሕ አያመጣም። አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ጋዜጠኛው ነው።

«ኦዳ» እና «ዛፍ»

በሴተስዳል ሌላም ነገር አስተዋልሁ። ኖርዌይ ከ1885 ጀምሮ እኩል መብት ያላቸው ሁለት የጽሕፈት ቋንቋዎች አሏት። አንዱ በከተሞች የገነነው ቡክሞል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከገጠር አነጋገሮች የተቀረጸው ኒኖሽክ ነው። በዚያ ሸለቆ ኒኖሽክ ይጻፋል። ዘጋቢው የገበሬውን ቃል ወደ ከተሜ ቋንቋ ሳያስተካክል ያትመዋል።

ይህን ሳይ የራሴን ልማድ አስታወስሁ። እኛ በዚህ ዞን ብዙውን ጊዜ ቃለ መጠይቁን በአፋን ኦሮሞ፣ ወደ ሚኤሶ ወረድ ስንልም በሶማልኛ እንሰማለን፤ ከዚያ ዜናውን በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ እንጽፋለን። በመንገድ ላይ ምን ይጠፋል? አንድ ምሳሌ ልስጥ። በዚህ ዞን የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ ሥፍራ ነው፤ በጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲም ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። ኦዳ ሾላ ነው፤ ሾላ ደግሞ ዛፍ ነው። ስለዚህ «ሽማግሌዎች በኦዳው ሥር ተቀመጡ» የሚለውን «ሽማግሌዎች በዛፍ ሥር ተሰበሰቡ» ብሎ የሚተረጉም ዘጋቢ በመዝገበ ቃላት ሚዛን አልተሳሳተም። በጋዜጠኝነት ሚዛን ግን አንድን የሕግ መወሰኛ ጉባኤ የጥላ ፍለጋ አድርጎታል። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ምዝገባው ግን የዘጋቢውን ስንፍና አያርምለትም።

ትርጉም በዜና ውስጥ እንደ ቴክኒክ ሥራ ተቆጥሮ ለመጨረሻ ደቂቃ የሚተው ነገር አይደለም፤ ዘገባው ራሱ ነው። ከተመለስሁ ወዲህ ቁልፍ ቃሎችን በተነገሩበት ቋንቋ አስቀምጬ በአንድ ዓረፍተ ነገር አብራራቸዋለሁ እንጂ አልተካቸውም።

የተመለሰው ትምህርት ሲፈተን

በሰኔ ተመለስሁ። የመጀመሪያው ፈተና ብዙ አልቆየም። በዞናችን ካሉት ከተሞች በአንዷ የአንድ ትምህርት ቤት አዲስ መማሪያ ክፍሎች ግድግዳቸው ቆሞ ጣሪያ ሳይለብሱ ሁለት ክረምት አልፏቸው ነበር። በበርጫ ላይ የሚወራው አንድ ነበር፦ «ብሩ ተበልቷል።» ማን እንደ በላው፣ በምን እንደ በላው፣ የት ቤት እንደ ሠራበት ሳይቀር ይተረካል። እውነቱን ልናገርና እኔም አምኜው ነበር። የዜናው መግቢያ በጭንቅላቴ ውስጥ ተጽፎ አልቋል።

ያኔ ሁለት ነገሮች ያዙኝ። አንዱ የአባቴ ቃል ነው፤ ሌላው «ሰውየው ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ። ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄጄ የግንባታውን ውል ጠየቅሁ። «ደብዳቤ አምጣ» ተባልሁ። አመጣሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነገር ገባኝ፤ በልመና መልክ እየጠየቅሁ ያለሁት መብቴን ነው።

በአገራችን የመገናኛ ብዙኃን ነጻነትና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። መገናኛ ብዙኃንን የሚመለከተው ሕግ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 እንደ አዲስ ቢወጣም፣ መረጃ የማግኘት መብትን የሚደነግገው የቀድሞው አዋጅ ክፍል አልቀረም። በዚያ ድንጋጌ መሠረት መብቱ የጋዜጠኛ ብቻ አይደለም፤ የማንኛውም ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ጥያቄ ሲቀርብለት በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት ይኖርበታል። ቅር የተሰኘ ሰው ይግባኝ የሚልበት መንገድ አለው፤ የአፈጻጸሙም ክትትል የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። አዲስ ማመልከቻ ጻፍሁ፤ የአዋጁን ቁጥር ጠቀስሁ፤ ቀኑን አስመዘገብሁ፤ ግልባጩን ይዤ ወጣሁ። ቁጣ አልጨመርሁበትም፤ ቀን ብቻ ቆጠርሁ።

በ41ኛው ቀን ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ ተሰጠኝ። ሰነዱ የሚለው ሌላ ነበር። የግንባታ ዕቃ ዋጋ በመናሩ ሥራ ተቋራጩ በቀድሞው ዋጋ መቀጠል አልቻለም፤ ውሉ ተቋርጦ ጨረታው እንደገና ሊወጣ በሂደት ላይ ነበር። ገንዘቡ አልተከፈለም፤ ስለዚህ ሊበላ አይችልም ነበር። የተበላው ጊዜ ነው፤ የተማሪዎቹ ሁለት ዓመት። ይህም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ነገር ግን ሌላ ጥፋት ነው፤ መጠየቅ ያለበትም በሌላ ጥያቄ ነው። ጨረታው ለምን ይህን ያህል ዘገየ? ወላጆችስ ለምን አልተነገራቸውም?

ኃላፊውን አግኝቼ ይህንኑ ስጠይቃቸው፣ መጀመሪያ የመለሱልኝ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፦ «እስከ ዛሬ ማን ጠየቀኝ?»

ይህን መልስ በሁለት መንገድ መስማት ይቻላል። አንደኛው ምክንያት መፍጠር ነው፤ መሥሪያ ቤት ሳይጠየቅም መናገር ነበረበት። ሁለተኛው ግን ለእኛ የቀረበ ክስ ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ ሁላችንም አውርተናል፤ አንዳችንም አልጠየቅንም። ያን በጭንቅላቴ የጻፍሁትን ዜና አሳትሜው ቢሆን ኖሮ የአንድ ሰው ስም ያለ አግባብ ይጠፋ ነበር፤ ትምህርት ቤቱም ጣሪያ አያገኝም ነበር። ከክርስቲያንሳንድ ያመጣሁት ነገር ምንድን ነው ብትሉኝ፣ እነዚህን 41 ቀናት ነው የማሳያችሁ። ሕጉ የራሳችን ነው፤ ከእኔም መሄድ በፊት ነበረ። እዚያ ሄጄ ያገኘሁት ሕግ እንዲሠራ ዘወትር የሚጠይቀው ሰው መኖር እንዳለበት ማየትን ነው።

ማን ይሄዳል?

አንድ የሚከብድ ጉዳይ ሳላነሣ ብጨርስ ቅን አልሆንም። የልውውጥ ዕድል ለሁሉም እኩል አይደርስም። ክፍያው ነጻ ቢሆንም ፓስፖርቱ፣ ለቪዛ ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ምልልስ፣ የሰነድ ማረጋገጫው፣ የመጀመሪያው ወር ስንቅ ነጻ አይደለም። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከገለምሶ የመጣች ሦስተኛ ቋንቋዋን የምትናገር ተማሪ፣ በግል ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ካደገ ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን ትቀመጣለች። እኔም ማስታወቂያውን ያየሁት በአጋጣሚ ነው። አጋጣሚ ደግሞ የትምህርት ፖሊሲ አይደለም።

ፈተናው በመሄጃው ብቻ አይደለም፤ በመመለሻውም አለ። በግንቦት ወር አብረውኝ ከነበሩ የሌሎች አገሮች ተማሪዎች አንዱ እንደማይመለስ ነገረኝ። ለሁለት ሌሊት አልተኛሁም። አልፈርድበትም፤ እያንዳንዱ የሚሸሸውን ያውቃል። እኔን የመለሰኝ ጀግንነት አይደለም። እኔ እዚያ ብቀር የሚታተምልኝ ያ ስም የሌለበት ዜና ብቻ እንደ ሆነ ስለ ገባኝ ነው።

ስለዚህ ለፋኩልቲዎች ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ልውውጥ ማለት የግድ ባሕር መሻገር አይደለም። የጭሮ ተማሪ አንድ ሴሚስተር በጅግጅጋ ቢማር፣ የጅግጅጋው በጅማ፣ የጅማው በባሕር ዳር፣ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ የማይገኝ ትምህርት ያገኛል፤ የጎረቤቱን ቋንቋ፣ የጎረቤቱን ገበያ፣ የጎረቤቱንም ቅሬታ ከባለቤቱ አፍ ይሰማል። በወጪም በብዙ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የተመለሰ ተማሪ ሪፖርት አስገብቶ እንዲሰናበት አይደረግ። አንድ ክፍል ያስተምር፣ አንድ ዘገባ ከታናናሾቹ ጋር ይሥራ፤ አደራው የሚመለሰው ያኔ ነው።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ የምሰጠው ምክር አጭር ነው። ብትሄዱም ባትሄዱም፣ በሚቀጥለው ዜናችሁ ውስጥ የስንት ሰው ስም እንዳለ ቁጠሩ። የምትወቅሱትን ሰው ፈልጋችሁ አግኙ። ወሬ ስትሰሙ ሰነድ ጠይቁ፤ ሰነድ ስትጠይቁ ቀን መዝግቡ። ዕድሉ ከመጣም ሂዱ፤ አትፍሩ። ነገር ግን ከመሄዳችሁ በፊት የሰፈራችሁን ሰዎች በስማቸው የሚያውቅ አንድ ማስታወሻ ደብተር ሙሉ።

ያን የድርቅ ዜና በመጨረሻ እንደገና ጽፌዋለሁ። በሁለተኛው ጽሑፍ ውስጥ የአሥራ አንድ ሰው ስም አለ። ለአባቴ ስልክ ደውዬ አነበብሁለት። አንዱን ስም አረመኝ፤ በሬውን የሸጠው እሱ ሳይሆን ወንድሙ ነው አለኝ። ቀሪው ትክክል ነበር።

ጥያቄያችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።